ኳስ የሆነው ድንጋይ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ

ዛሬስ ትዕግሥቴ አለቀ። «ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ያኔ የሚያርፍበትን ኃይል በቀስት አሳዩ።» ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ የማወጣው ጥያቄ ነው። ዳይሬክተራችን ኦቦ ቶሎሳ ግን ጠዋት የፈተናውን ወረቀት ሲያዩ ደነገጡ።

«ማል ጄታ! ምን ማለትህ ነው? በተቃውሞው መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ አንተ ልጆቹን ስለ ድንጋይ ውርወራ ትፈትናለህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፊዚክስ እኮ ነው!»

«ኳስ በለው። ነገ ከበላይ አካል መጥተው የታረመውን ያያሉ።»

ኳስ አልኩት። ከክፍሉ ግማሹ እንኳ አልመጣም፤ የተፈተኑት ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያ ሁለቱ «ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ኃይሉም ዜሮ ነው» ብለው ቁጭ! ስንት ቀን ለፈለፍኩ! ጠመኔ ሽቅብ እየወረወርኩ «አየር ላይ ቆሞ ቀረ ወይ?» ስላቸው «አልቀረም ቲቸር» ይሉኝ ነበር። ወረቀት ላይ ሲሆን ሰቅለውት ቀሩ።

ያገኘችው ጫልቱ ብቻ ናት። ወንድሟ ከታሰረ ሳምንቱ ነው፤ መቼ እንዳጠናች እንጃ። ቀስቷ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል፣ እንከን የለውም። የሣለችው ግን ኳስ አይደለም። ጠርዙ የሾለ ድንጋይ ነው።

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። ከዚያ ኦቦ ቶሎሳን እየረገምኩ ላጲስ አነሳሁና፣ የድንጋዩን ሹል ጠርዝ አጥፍቼ በገዛ እጄ ክብ አደረግሁት።

ቀስቱን አልነካሁትም።