በሰኔ ተቆፍሮ ለሐምሌ የተረፈን ጉድጓድ

ለተከበሩ የበጀት ክርክሩ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ ሙሉ፣ ደጅዎም ክረምቱን በሙሉ ደረቅ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ መግቢያውም መውጫውም አንድ በሆነ ጠባብ መንገድ ውስጥ ቅመማ ቅመም የምሸጥ፣ ከሱቄ ኋላም ከባለቤቴ ከናኢማ ጋር የምኖር ዜጋ ነኝ። የዘንድሮውን የበጀት ክርክር በሱቄ ቴሌቪዥን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ለአገር ጉዳይ ግድ ስለሚለኝ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ስላጣሁም ጭምር ነው። ምክንያቱን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ በፌዴራል በጀት የሚሠራው የጎርፍ መውረጃ ፕሮጀክት የመንገዳችንን አፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆፈረው። ሳይሠራበት ዓመቱ የተዘጋበት ገንዘብ ተመላሽ እንደሚሆን፣ ተመላሽ ያደረገም ለከርሞ እንደሚቀነስበት ፎርማኑ ራሱ ነገረኝ፤ "ወንድሜ፣ ዋናው መጀመሩ ነው" አለኝ። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ። ሐምሌ ሲገባ ቆፋሪዎቹ ቀሩ፤ የጉድጓዱ ክዳን በአዲሱ በጀት አልተያዘም ተባለ። ዝናቡ ግን የማንንም ማጽደቅ ሳይጠብቅ ሥራውን በመቀጠሉ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል።

2ኛ. በክርክሩ ዕለት አንዲት የተከበሩ የምክር ቤት አባል ተጀምረው ስለሚቀሩ ሥራዎች ሲጠይቁ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። "ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀጣይ ይታያል" የሚል መልስ ተሰጣቸው፤ ወዲያው እጆች ወጡ፣ በጀቱ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። ናኢማም አጨበጨበች። ምርቃት ይሁን እርግማን አልጠየቅኳትም።

3ኛ. በአሁኑ ጊዜ ከመንገዳችን የምንወጣው ውሃውን እስከ ደረቱ ገብቶ በሚያሻግረን በተሸካሚው በበሪሁን ጀርባ ነው። የሰው ዋጋ ከበርበሬ ጆንያ ለምን እንደሚበልጥ ስጠይቀው፣ "ጆንያ ጸጉሬን አይዝም፣ መሀል ላይ ሲደርስም አይጮህም" ሲል መልሶልኛል። ከተነሣሁበት ጉዳይ ጋር ባይያያዝም፣ ወጪ የተብራራልኝ በዚህ ዓመት እሱ ዘንድ ብቻ በመሆኑ ጠቅሼዋለሁ።

4ኛ. ናኢማ የመጀመሪያ ልጃችንን የምትወልደው በዚሁ ወር ነው። በሪሁን አያትና "እሷን ግን አልደፍርም፣ ጋሼ፤ ከወደቅሁ ሁለት ነው የምጥለው" አለ። ስለዚህ የምን አለሽ ተራው ብረት ሠሪ ረዲ ከአሮጌ የበር ብረት ጠንካራ መሻገሪያ በይዶ፣ በገመድ ጎትተን ጉድጓዱ ላይ አነጠፍንላት። በማግስቱ የፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት ሰዎች "ያለ ፈቃድ በግንባታ ክልል ውስጥ የቆመ" ብለው ጭነው ወሰዱት፤ ፈቃድ ከፈለግን ለመጪው ዓመት ዕቅድ ማመልከት እንደምንችል ነግረውናል። ዓመት ሙሉ ምጧን እንድታቆይ ለናኢማ ነግሬያታለሁ፤ ልጁ ግን የበጀት ዓመቱን የሚያውቅ አይመስልም።

ክቡርነትዎ፣ ለጤና የተመደበው ድርሻ ማደጉን በማብራሪያዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሐኪም ቤቱ አለ፣ አምቡላንሱም አለ፤ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን መሀል የምለምነው አንድ ክዳን ነው፤ እሱም ከከበደ፣ ብረታችን ይመለስልን።

የተከበረ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለከርሞው ክርክር ፈጣሪ ጉሮሮዎን እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እለምናለሁ።

ከጉድጓዱ ወዲህ የቀረሁት፣ አክባሪዎ
ኢርፋን
ሐምሌ 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ መሻገሪያውን ለመለመን በበሪሁን ጀርባ ወጥቼ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነበር። ግቢያቸው በር ላይ ጭቃ ስላለ መሻገሪያችንን አንጥፈውበታል፤ ኃላፊውን ለማነጋገርም የገባሁት በእሱ ላይ ተራምጄ ነው። አልተወዛወዘም። ናኢማን ይችላታል።