ጠፋ ያልከኝ ታወር

ለወንድሜ ለታረቀ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እህል ትቀምሳለህ ወይስ ሰው ሲያይህ ብቻ ነው የምትጎርሰው? ባለቤትህ አዝመራ፣ ልጅህ ሃብቶም፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኛ እዚህ በአካል ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም ከለቅሶ ሌላ ስላልሆነልን፣ ወዳጄ ሀብቱ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህችን ደብዳቤ በእጁ ሰድጄልሃለሁ።

የሰባት ቀን የሐዘን መቀመጫችን፣ ሺቫው፣ አልቆ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለው ወርክሾፕ እንደ ድሮው የታወር የኃይል ሣጥን እገጥማለሁ። አለቃዬ ግን ለጊዜው ታወር ላይ እንዳልወጣ ከልክሎኛል። እውነቱን ነው።

ታረቀ፣ ስለ እማ መርዶ በሆዴ ይዤው መቀመጥ ያልቻልኩት ነገር አለ። በመንደራችን ጉብታ ላይ ያለውን ታወር ስታቆሙ በኃይሉ ነገር ስንት እንደተከራከርን ታስታውሳለህ። ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የሚያገኙት፣ እማም ፊቴን የምታየው በእሱ ነበር። መጀመሪያ በመስመር መብራት ብቻ ስለሠራችሁት፣ መብራት በሄደ ቁጥር እማ አፏን እንደከፈተች ምስሏ ደርቆ ይቀርብኝ ነበር።

አንተ ባትሪ ከኃይል መለወጫው ከኢንቨርተር ጋር እንግዛ አልክ። እኔ ደግሞ ባትሪው የሚሰጠው ዲሲ፣ ታወሩ ላይ ያለው ዕቃም የሚበላው ዲሲ ሆኖ ሳለ፣ መሃል ላይ ወደ መስመሩ መብራት ዓይነት፣ ወደ ኤሲ ለውጦ እንደገና መመለስ ኃይል ማባከን ነው አልኩህ። ቀጥለህ ደግሞ በአሥራ ሁለት ቮልት ካልሆነ ብለህ ድርቅ አልክ። በዚያ ሁሉ ገመድ አሥራ ሁለቱ ዳገት እንደወጣ ሽማግሌ ደክሞ ነው ላይ የሚደርሰው፣ አራት ባትሪ አከታትላችሁ ቀጥሉና አርባ ስምንት ይሁን ብዬ ለመንኩህ። እማ ከጎንህ ሆና፣ ሁለታችሁም ዝም በሉና ልጄን ልየው ብላ ተቆጣችን፤ ሳቅን። በመጨረሻ እሺ ብለህ በፀሐይ የሚሞሉ ባትሪዎች አስገባህ። የባትሪውን ሁኔታ ከዚህ ሆኜ በስልኬ የማይበትን ዘዴም አብረን አበጀን። ከዚያ ወዲህ የእማ ፊት ደርቆብኝ አያውቅም።

ያን ሰኞ ከጎንደር ደውለህ፣ ታወሩ ኃይል አጥቶ ጠፍቷል፣ እማ ደህና ነች፣ ሲሠራ ታነጋግርሃለች አልከኝ። ድምፅህ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው አልክ። ችግሩን ልፈልግልህ ብዬ ሥራ ቦታ እንደቆምኩ ስልኬን ከፈትኩ። ታወሩ መለሰልኝ። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ላይ ያለው ዕቃም ሁሉ ይሠራል። ኃይል ያጣ ታወር ደግሞ አይመልስም። የዋሸኸኝ ስለ እማ መሆኑ ገባኝና ፒንሳው ከእጄ ወደቀ።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ፈለቀ ታወር ላይ የሚወጣ ሰው ነው፣ ላይ ሆኖ ቢሰማ ይወድቃል ብላችሁ እንደመከራችሁም በኋላ ነግረውኛል። አልተቀየምኩህም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ግን እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እወቅልኝ። ባለቤቴ እማዋይሽ ቀድሞ ተነግሯት ኖሮ ፊቷን እያዞረች ራት ታቀርብልኛለች። እኔም ከአፌ ካወጣሁት እውነት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ዝም አልኳት። ከአንድ ገበታ እየበላን ተደባበቅን።

ስልኬን ደጋግሜ እከፍት ነበር። ቃልህ እውነት እንዲሆን ምነው በጠፋ፣ ምነው ባትሪው በሞተ፣ ምነው መብረቅ በመታው እል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ታወር እንዳይጠፋ የሠራሁ ሰው፣ የእናቴ ታወር እንዲጠፋ አምላኬን ለመንኩ። አልጠፋም።

ረቡዕ ማለዳ ወደ አውቶቡስ ልወጣ በሩን ስከፍት ቄሱና አጎታችን ወንዱ ከሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጮህኩ። ልጄ ሊኖይ ያዘችኝና በዕብራይስጥ፣ ገና ምንም ሳይሉ ማን ነገረህ ብላ ጠየቀችኝ። ታወሩ ነው ማለት አቃተኝ። አላስታመምኳት፣ አልቀበርኳት፣ አፈር እንኳን አላለበስኳት። አንጀቴ ነው የተቆረጠው ወንድሜ።

ከእንግዲህ የምትደብቀኝ ነገር ከመጣ በታወሩ አታሳብብ። ዝም በለኝ፣ ይገባኛል። ባትሪዎቹንም አትርሳ፤ ጫፋቸውን ጥረግ፣ ገመዱንም እያጠበቅህ እይ። ሌሎች ልጆች እናታቸውን የሚያዩት በእሱ ነው።

ለአዝመራ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ከእማ አጠገብ የነበረችው እሷ ናትና እጇን ሳምልኝ። ሃብቶምን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዋይሽና ሊኖይ ሰላም ይሉሃል፣ አጎታችንም እግዚአብሔር ያጽናህ ይሉሃል። ሰላምታውን ሁልጊዜ የምጀምረው በእማ ነበር። ዛሬም እጄ ለምዶ ስሟን ጽፎ ነበር፤ ሰረዝኩት። መቃብሯ ዘንድ ስትሄድ ሰላምታዬን አንተ አድርስልኝ።

ታወሩን ዛሬ ጠዋትም አየሁት፤ ደህና ይሠራል። ስልኩን የሚያነሣልኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ወንድምህ ፈለቀ
ፔታህ ቲክቫ፣ ክፋር አቭራሃም
ህዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.