አስተኚው እንዳይሄድ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ደብተሬ ሆይ፣ በፊትህ ተንበርክኬ እናዘዛለሁ። እኔ ኃጢአተኛዋ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ጤናዬ ሳይጓደል፣ አእምሮዬ ሳይቃወስ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንድ ጓንት ሰርቄያለሁ። ነፍቼ፣ አፉን በክር አስሬ፣ ጣቶቹን ወደ ታች አንጠልጥዬ፣ የላም ጡት አስመስዬ እማማ ዘነቡ ራስጌ ሰቅያለሁ። ሲነቁ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ጠጋ ብለው አዩና ባለ አምስት ጡት ላም የማን አገር ናት ብለው ጠየቁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው። ት/ቤት ብሆን በኪራይ ሰብሳቢነት እገመገም ነበር።

ስሜን እዚህ አልጽፍም። አንተ ብትያዝ እኔ እንዳልያዝ።

እማማ ዘነቡ የእህቴ የአስካለ አማት ናቸው። እኛ ሦስታችን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነን፤ የእናቶች ማቆያ የምትባል ቆርቆሮ ቤት። ቀናቸው የደረሰ፣ ቤታቸው የራቀ እናቶች እዚህ ይጠብቃሉ። የኛ ቤት ከጓሳ ወዲያ ነው። መኪና አይገባም። አስካለ አልጋ ቁጥር አራት። እኔና እማማ መሬት፣ ሰሌን ላይ። ውርጩ ከሲሚንቶው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ኅዳር 5

እማማ ዘነቡን እንዴት አደሩ በል። እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትዎስ? እግዚአብሔር ይመስገን። በቅሏቸው ገደል የገባች ለት ሰው ሊያጽናና ቢመጣ እንዲያው ነው ያሉት። በየቀኑ ሙሉውን ስጽፍ እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እ.ይ. ብዬዋለሁ። ከእ.ይ. በኋላ አራት ነጥብ ነው። ምንም አይከተልም። አፋቸው ይዘጋል፣ ነጠላቸው ይስተካከላል፣ ጉዳዩ አለቀ።

አስካለ ካቻምና ስታምጥ በቃሬዛ ወጣች። ደብረ ብርሃን ስትደርስ ቀደዷት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ዶ/ሩ ሁለተኛውም በቀዶ ጥገና ነው፣ ቤት ውስጥ ብታምጪ ትሞቻለሽ ብሏታል። ያን ጊዜም እማማ ዘነቡ እ.ይ. አሉ። በዚያ ቀን እንኳ።

ቀልዴ እዚህ ጋ ጠፋብኝ።

ኅዳር 6

አስተኚው አስካለን ሊያያት መጣ። ስሙ አቶ ይርጋ ነው፤ ግቢው ሁሉ ግን አስተኚው ይለዋል። ለቀዶ ጥገና የሚያደነዝዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ዶ/ሩ የያዘው ቢላ ሽንኩርት መክተፊያ ነው። ምን ትፈሪያለሽ አላት አስካለን። መተኛቱን አለች። ማስተኛትማ ቀላል ነው፣ መምሬም በስብከት ያስተኛሉ፤ ሙያው መቀስቀሱ ነው አላት። አስካለ ሳቀች። ከመጣን የመጀመሪያዋ።

ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የሚተካው ሁለተኛ ሰው የለውም። ሌሊትም እሱ፣ እሑድም እሱ። እናቱ ጎጃም ታማለች፤ ሄዶ አላያትም። ነርሷ ነገረችኝ። ነርሷ ሁሉን ትነግረኛለች፤ ሹሩባዋን የምሠራላት እኔ ነኛ።

ኅዳር 8፣ ማታ

ፊደሌ ቢከፋ ይቅር በለኝ።

አስተኚው ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል። ታይፎይድ። ክንዱ ላይ ጉሉኮስ። ቀትር ላይ ከዘመሮ በኩል አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች። ምጡ ጠንቶባታል። ዶ/ሩ ገባ። ወጣ። እንደገና ገባ። አስተኚው ሰምቶ ከአልጋው ሊነሳ ሲል እግሩ ከዳው፤ ነርሷ ደግፋ መለሰችው። ደብረ ብርሃን ትሂድ ተባለ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧት አንድ እግር ኮንጎ ጫማዋ ወለቀ። ሰማያዊ። አንስቼ ሮጥኩ። መኪናው ጉሙ ውስጥ ገባ። ጡሩምባው ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም።

ጫማውን ለዘበኛው ሰጠሁት። መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ይመጡለታል አለ።

አስካለ በመስኮት አይታለች። የሱፍ ባናውን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ኅዳር 10

ጫማው አለ። የመጣ የለም።

ሌላ ወሬ፦ ግምገማ መጣ! ከክልል ሰዎች ይመጣሉ፤ የሆስፒታሉን ጥራት፣ የሠራተኛውን ብዛት፣ ወጪውን ሊለኩ። ሥ/አስኪያጁ ከረባት አሰረ። ከረባቷ አጭር ናት፤ እምብርቱ ጋ ሳትደርስ ሐሳቧን ቀይራለች። አስታማሚዎችን ሰብስቦ ስለ ገጽታ ግንባታ አስተማረን። ሲጠይቋችሁ አገልግሎቱ ጥሩ ነው በሉ፤ የሆስፒታሉ ስም የናንተም ስም ነው። ክፍተት ያለው ካለ ለኔ ይንገረኝ፣ ለእንግዳ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወንዶች ክፍል አንድ ቡአ ያለባቸው መሪጌታ ተነስተው መረቁት። ሲነሱ በአንድ እጃቸው ቡአውን ደግፈው፣ በሌላው መረቁ። ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን ነከስኩ።

ግድግዳው ኖራ ተቀባ። አስተኚው ተነስቷል፤ እንደ ጧፍ ቀጥኗል።

ኅዳር 12

ሦስት ናቸው። አለቃቸው መነጽር ያላት ሴትዮ፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ዓይኗ መርፌ። አልጋ ቆጠሩ። ሠራተኛ ቆጠሩ። ሽንት ቤት አሸተቱ። የጄኔሬተሩን ናፍጣ በእንጨት ለኩ፣ እኛ የጠላ ጋን እንደምንለካው። ታማሚ ይጠይቃሉ፤ አልጋ ላይ የተኛውን ብቻ። አስታማሚ አይጠየቅም። ምላሴን ታጥቄ ተቀምጬ!

መሪጌታን አገልግሎቱ እንዴት ነው አሏቸው። እ.ይ.። ያጎደሉብዎት አለ? የሚያጎድልም የሚሞላም እሱ ነው። ቀዶ ጥገናቸው ስንት ጊዜ ቀን ተሰጥቶ ስንት ጊዜ ተላልፏል! እሳቸው ግን የተላለፈውን ለገብርኤል ሰጥተውታል። ከአልጋ አልጋ እንዲያው ነው። ምስጋና፣ ምርቃት፣ አሜን። ማማረር ነውር ነው። ደግሞም ነገ ቢላ ከሚይዝ ሰው ጋር ዛሬ የሚጣላ ማን አለ?

ከሰዓት

ሰማሁ። ባልሰማሁ።

የአስካለን ቀሚስ ከውኃ ጋኑ ጀርባ አጥባለሁ። ባለመነጽሯና ሥ/አስኪያጁ ከወዲያ ቆመው ያወራሉ። ንጽሕና ጥሩ። የታካሚ እርካታ እጅግ ጥሩ። ቀዶ ጥገና ግን ጥቂት ነው አለች፤ ባለሙያው ብዙ ቀን ሥራ የለውም፣ ወጪው ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ሌላ ቦታ ወረፋ ሞልቷል። ስለዚህ ይዛወር። በሚቀጥለው ሳምንት። ከታካሚም ቅሬታ አልሰማሁም አለች። ሥ/አስኪያጁ አፉን ከፈተ። ቅሬታ አለ ቢል እርካታው ሊወርድ ነው። ዘጋው።

አስተኚውን!

አስቤ አስቤ ገባኝ። የተቀደደውን ነው የቆጠሩት። ያች የዘመሮዋ ሴት እዚህ አልተቀደደችም፤ ስለዚህ እዚህ የለችም። እሱ ሲታመም የተላኩት ሁሉ የሉም። አንድ ስለሆነ ሳይሠራ የቀረውን ቆጥረው፣ ሥራ የለውም አሉት።

የአስካለ ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ለአስተኚው ነግረውታል መሰለኝ፤ የሻንጣውን አቧራ ሲያራግፍ አየሁት። ፊቱ ላይ ደስታ አለ። መንገዱ በእናቱ አገር በኩል ነው። ልፈርድበት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ኅዳር 13

ዛሬ ያደረግኩትን ጓንት ከመስረቅ ጋር አታወዳድረው።

ጠዋት አስካለ ወደ ምርመራ ክፍል ተወሰደች። የጎረቤት አልጋ እናቶች ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል። ባለመነጽሯ ወደ ማቆያዋ ስትመጣ አየሁ። አልጋ አራት ላይ ዘለልኩ። ትራስ ቀሚሴ ውስጥ። ባና እስከ አንገት። ሻሽ እስከ ቅንድብ። ልቤ ከትራሱ በላይ ይዘላል።

መጣች። እንደምን ነሽ እህቴ አለችኝ።

አፌ ምን አለ በል! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!

እንደ እማማ ዘነቡ! በራሱ ወጣ፣ እንደ ስርቅታ። እሷም ጻፈች፤ ወደ በሩ ልትዞር ስትል የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ። ከዚያ ፈሰሰ። አስተኚው አንድ ነው አልኳት። እሱ ሲታመም እናቶች በጉም ይላካሉ፣ እነሱን አልቆጠራችሁም። እሱ ከሄደ እኔ እሞታለሁ። እኔ ስል ስለ አስካለ ነው፤ ግን ስለው እውነት የምሞት መሰለኝ፣ አለቀስኩ። ከሰማሽው ውስጥ ስንቱን አይተሻል አለች። ጫማውን ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። በእጇ እንደያዘችው ሄደች።

ዞር ስል እማማ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመዋል።

ቀስ ብለው መጡ። ትራሱን ከቀሚሴ ውስጥ መዝዘው አወጡና፣ ወንድ ነው ሴት? አሉኝ። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁ። ምስጋና የጎደለበት ቤት አይቆምም አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እስከ ማታ አላናገሩኝም። ለአስካለም አልነገሯትም። ይህ ይብሳል።

ኅዳር 14፣ ማለዳ

አስካለ ወገቧን ይዛለች። ገና ነው ትላለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ሳምንት ቀርቶታል እኮ!

ወደ ዘበኛው ሮጥኩ። ጫማው መስኮቱ ላይ የለም! መጥተው ወሰዱት ማለት ነው። ሴትዮዋ ድናለች! በእግሬ ሳይሆን በክንፌ ተመለስኩ። ለእማማ ነገርኳቸው። እ.ይ. አሉ፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ። ከዚያ ወዲህ ነጠላቸውን አልለቀቁም።

ረፋድ

አዳራሹ መስኮት ሥር ቆሜ ነው የምጽፈው። መዝጊያ ስብሰባ ነው። ሠራተኛው አለ፣ መሪጌታ አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር ላይ። እማማ ዘነቡም ከፊት። አስተኚው ጥግ ይዟል፤ ሻንጣው እግሩ ሥር፤ ሳምንቱን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ በገምጋሚዎቹ መኪና ሊሄድ ነው። አስካለ ጋ ነርሷ ናት። ምጥ ሊሆን ይችላል ብላኛለች። ሊሆን ይችላል!

ውጤት ይነበባል። ጭብጨባ። ንጽሕና፣ ጭብጨባ። እርካታ፣ ጭብጨባ። አሁን ባለመነጽሯ ተነሳች። የባለሙያውን ዝውውር በተመለከተ ትናንት አንዲት እናት፣ አልጋ አራት፣ ሌላ ነገር ነግራኛለች አለች።

ሥ/አስኪያጁ ተነሳ። አልጋ አራት በዚያ ሰዓት ምርመራ ክፍል ነበረች አለ። ታዲያ ያናገረዎት ማን ነው? ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቃል ቃል ነው? ከባለመነጽሯ ጋር የመጡት ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ተናጋሪው ካልታወቀ ማስረጃ አይሆንም፣ ውሳኔው ይጽና አለ።

የውሸት እርግዝናዬ የእውነቱን ነገር ሊገድልብኝ ነው።

ብገባ አስካለን ያባርሯታል? ባልገባ አስተኚው ይሄዳል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ጎማ ይመታል። እገባለሁ። ወስኛለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ልጨርስና እገባለሁ። ይህንንም።

ቆይ።

እማማ ዘነቡ እየተነሱ ነው። ጉልበታቸውን ይዘው። ማንም አልጠራቸውም። ሥ/አስኪያጁ ፈገግ አለ፤ ምርቃት ሊሰጡት መሰለው። እኔም መሰለኝ። እናቴ፣ አገልግሎቱን እንዴት አገኙት? አላቸው፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉ እንዲሰማ።

እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

አለቀ። አራት ነጥብ። ተያዝን።

አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አላስተካከሉም። እጃቸው ነጠላው ውስጥ ገባ። ወጣ። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ። አንድ እግር። ታጥቧል፤ ተወልውሏል። የወሰደችው ባለቤቱ አይደለችም። ባለቤቱ አልመጣችም።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን… አሉ።

ግን! ደብተሬ፣ ግን አሉ!

ጫማውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከውጤቱ ወረቀት በላይ አስቀመጡት። ባለመነጽሯ ቆማለች። አስተኚው ቀና አለ። አልጋ አራት ምራቴ ናት፤ እሷ አልተናገረችም፣ የተናገረችውን ግን አውቃታለሁ፣ አልዋሸችም አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሟል ይባላል፤ ውሸት ነው። አዩኝ፦

«ስንዱ!»