ባዶ ነው ስለተባለው የወንድሜ ሱቅ

ለተከበሩ ኢንጂነር ሉቅማን፣
የድሮው ገበያ ሕንፃዎች እድሳት ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ሙሐረቅ።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ በጋዜጣ ታትማ እጅዎ ስትገባ በሙሉ ጤንነትና በጥሩ የምግብ ፍላጎት፣ ከነቤተሰብዎ ተደስተው እንድታገኝዎ አላህን እለምናለሁ። እኔ ሐጂ ደርዊሽ እባላለሁ፤ በገበያው መረብና ገመድ ይሸጥ የነበረው የሟቹ የመርዙቅ ታናሽ ወንድም ነኝ። እርስዎ ግን ሱቁን “ባዶ” ብለው ስለመዘገቡት፣ የባዶው ወንድም ነኝ ብልዎ ሳይቀልልዎት አይቀርም።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። አያቶቻችን ከባሕር ባወጡት ድንጋይ ያቆሟቸውን፣ ምድር ቤታቸው ሉል ይመዘንበት፣ ፎቃቸው ነጋዴ ያድርበት የነበሩትን ሕንፃዎች ከመፍረስ ለማዳን መነሳትዎ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። እቅድዎን ለገበያተኛው በገለጹበት ቀን በስብሰባው አዳራሽ እኔም አጨብጭቤልዎታለሁ፤ እጄን ይቁረጠው!

ሁለተኛ፣ ስለ ባለሙያዎችዎ ጥናት። ባለፈው ነሐሴ ገበያችንን ለመመርመር የመረጡት ሰዓት ቀትር ነበር። እዚህ የተወለደ ሕፃን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ሰዓት ነጋዴው ዙህር ለመስገድ ይወጣል፣ ሰግዶም ጋደም ይላል፤ በሩንም አይቆልፍም፣ ጨርቅ ይጋርድበታል እንጂ። የተጋረደ በር ማለት “ባለቤቱ አለ” ማለት ነው፤ ሌባ እንኳ አክብሮት ያልፋል። ከድልድዩ ማዶ በመስታወት ፎቅ ላይ የሚውሉት ባለሙያዎችዎ ግን ጨርቁን ሲያዩ “ሰው የለበትም” ብለው ጻፉ፤ ለጥንታዊው በር በማዘንም ጣውላ ቸነከሩበት፣ ማኅተምም ለጠፉበት።

ሦስተኛ፣ መርዙቅ ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት መስጊድ መሄድ ትቶ ነበር። ያን ቀትርም ሱቁ ውስጥ ሰግዶ፣ ጓዳው ውስጥ በመረብ ክምር ላይ ተኝቶ ነበር። ጆሮው ከከዳው ስለቆየ መዶሻውን አልሰማም። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ነፋስ የምታወርድለት ማማ ነበረች፣ እሷንም ርግብ እንዳይገባባት ብለው ቀደም ሲል አስደፍነዋታል። ርግቦቹ ደህና ናቸው፣ ክቡር ሆይ፤ አይጨነቁ።

አራተኛ፣ ፊት ለፊቱ ሐልዋ የሚሸጠው ጎረቤታችን ኸሚስ ከሶላት ሲመለስ ጣውላውን አይቶ ጮኸ፤ ሁላችንም ሮጠን ደረስን። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛዎ “አባባ፣ ማኅተም ነው፤ ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ አንዲት ሚስማር አትነቀልም” አለው። ኸሚስም “አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ውስጥ እየተቀቀለ ፊርማ ትለኛለህ? ዞር በል ከፊቴ!” አለ። ዘበኛው ገፍትሮ መለሰው። እኔ ቢሮዎ ደወልኩ፤ ጸሐፊዎ “ጋደም ብለዋል፣ አይቀሰቀሱም” አለችኝ። በዚህ አልቀየምዎትም፤ የአገራችን ልማድ ነው። የእርስዎን በር ግን ማንም አልቸነከረውም።

በመጨረሻ ኸሚስ የብረት ዘንግ አምጥቶ ዘበኛውን ጥሶ ጣውላውን ሰበረ፣ አብሮም የበሩ አንድ ክንፍ ተሰነጠቀ። ወንድሜን ከበሩ ሥር ወድቆ አገኘነው። ጥፍሮቹ ምን እንደሆኑ አልጽፍልዎትም። አንጀቴ ተቃጥሏል፣ ክቡር ሆይ፤ በጨዋ ደንብ መጻፉ እየከበደኝ ነው። ማኅተሙ እንዲነሳ የፈቀደው ፊርማዎ የወንድሜን ሴት ልጅ አስክሬኑ ላይ እያለቀሰች አገኛት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ አምስተኛ ይሁን። ኸሚስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ታስሯል፤ ክሱም “የታሪክ ቅርስ የሆነ በር መስበር” ነው። የኮሚቴዎ ጠበቃ ለዳኛው “ሕንፃው ባዶ ነበር፣ ሽማግሌው መንገድ ላይ በእርጅና ሞቷል፣ በሩን ለመስበር ምንም ምክንያት አልነበረም” ብሏል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ገበያተኛው ሁሉ መስክሯል፤ ዳኛው ግን የነጋዴ ወሬና የኮሚቴ ወረቀት እኩል አይደሉም ይላል። እሑድ ይፈረድበታል። ሱቁ ባዶ ከነበረ ኸሚስ በር ሰባሪ ነው፤ ሰው ከነበረበት ግን ከእናንተ ሁሉ መካከል ሰው የነበረው እሱ ብቻ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። የወንድሜን ደም ካሳ አልጠይቅም፣ ሱቁንም ይውሰዱት። እሑድ ችሎት ቀርበው በገዛ አፍዎ “ሰው ነበረበት” ይበሉ። ለእርስዎ ሁለት ቃል ነው፤ ለኸሚስ ግን ወደ ቤቱ መመለሻ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት ከዚህም በላይ ዝቅ ብዬ ብገልጽ ከወንድሜ አጠገብ መተኛት ስለሚሆንብኝ፣ እዚሁ ላይ እጅ እነሣለሁ።

የኮሚቴዎ ባለውለታ፣
ሐጂ ደርዊሽ ቢን ጁምዓ

ተጨማሪ፦ በታደሰው የወንድሜ ሱቅ ውስጥ ለጎብኚ ብለው ያስቀመጡትን፣ ጢሙ የተበጠረ፣ ከሰም የተሠራ የነጋዴ ምስል ትናንት በመስታወቱ አየሁት፤ ቁጭ ብሏል፣ በሩም ተዘግቶበታል። ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ “ማቀዝቀዣ ነው፣ አባባ፤ በዚህ ሙቀት እንዳይቀልጥ ኢንጂነሩ ራሳቸው አዝዘውለት ነው” አለኝ።