ትንሿ ሳህን

ጎንደር፣ ፀዳ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ባለቤቴ ለሰጠኝ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ «ደህና ነኝ» ብለህ ከላክህብኝ በኋላ ግን ቃሉ አስጠላኝ። እናትህ ዘንድ ባለህበት አምባ ጊዮርጊስ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ስልክህን መሞከር ትቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሐረገወይን ነገ ነጭ ሽንኩርት ልትገዛ ስትመጣ በእጅህ ትሰጥሃለች። እናትህ ፊት አታንብበው። ወይም አንብበው፣ እንደ ፈለግህ።

የአራዳ ደንበኞችህ የስፌት ሱቅህን ዝግ ሲያገኙት ቤት ድረስ እየመጡ ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ሱሪያቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ይጠይቀኛል። «እንዲያ የከሳው በደህና ነው?» አለችኝ ደንበኛህ አበቡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። በደህና ነው አልኳት። ዶክተሯ ለስኳርህ ብላ በቀን ስምንት መቶ ካሎሪ ብቻ እንድትበላ ማዘዟን፣ የቀኑ ምግብህ የድሮ ቁርስህን እንደማያክል ማስረዳቱ ደከመኝ።

ደስ ብሎህ ነበር እኮ። በጎመን ሾርባውና በአንዷ እንቁላል ብትነጫነጭም፣ ስኳርህ ከሁለት መቶ ሰማንያ ወደ መቶ አስር ሲወርድ የራስህን ሱሪ በራስህ የስፌት መኪና አጥብበህ እየተንጎራደድህ አሳየኸኝ። ዓይንህም በራ። ስንት ጊዜ «ሰርካለም፣ ነይ እስቲ ክሩን አስገቢልኝ» ስትለኝ ኖረህ፣ አንድ ቀን ሳትጠራኝ መርፌው ውስጥ አስገባኸው። ከጓዳ ሆኜ አየሁህና አለቀስኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። እናትህ እማማ ወለላ ለበዓል መጥተው፣ ሁላችን ትሪውን ከበን ዶሮውን ልንበላ ስንል፣ ያንተን በትንሿ ሳህን ለብቻህ አቀረብኩ። «ምነው፣ ልጄ ምን በሽታ አለበትና ነው ገበታ የምትለዪበት?» አሉኝ በእንግዳ ፊት። ትከሻህን ዳሰሱና ደግሞ «አጥንቱ ወጣ እኮ፣ ምነው አስራብሽው?» ብለው አለቀሱ። አንተ ዝም አልህ። «ሐኪም አዝዞኝ ነው» ብትል ምን ነበረበት? በማግስቱ ቦርሳህን ይዘህ ተከትለሃቸው ወጣህ። መሄድህን ችዬዋለሁ፤ ዝምታህ ግን አሁንም ያመኛል።

በእናትህ አልፈርድባቸውም። ታላቅህ አያ እንዳልካቸው ከመሞቱ በፊት እንዲሁ ነበር የከሳው፤ ትከሻህን ሲዳስሱ እሱ ነው የታያቸው። ነገር ግን እሱን ያከሳው ያልታከመ ስኳር ነበር። አንተ የከሳኸው ሐኪም እያየህ፣ ምግብ ቀንሰህ ነው። ቁጭ ብለህ ንገራቸው፤ ከእኔ አፍ አይሰሙትም።

ሐረገወይን ባለፈው ገበያ አግኝታህ ስትመለስ እየሳቀች ገባች። «ኧረ ሸጋ ነው፣ ፊቱ ሞልቷል። እናቱ ቅቤውንም ጠላውንም አላስቀሩበት። ውሃ ብቻ አይጠግብም፤ ከእኔ ጋር እያወራ እንኳ ሦስቴ ወደ ጓሮ ወጣ።» እሷ ምሥራች መንገሯ ነው። በሽታው መጀመሪያ የተገኘብህ ጊዜ እንዲህ አልነበር ያደረገህ?

ሰኞ ብቻዬን ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጣች። «ኪኒኑን ያስቆምኩት ምግቡን ስለቀነሰ ነው። አሁን ያለ ኪኒን እንደ ልቡ እየበላ ከሆነ ስኳሩ ሽቅብ ነው የሚወጣው። በራሱ ኪኒን እንዳይጀምር፤ ቶሎ ይምጣና ልየው» አለችኝ። ጥለኸው የሄድከውን የስኳር መለኪያ ልኬልሃለሁ፤ ዛሬውኑ ጣትህን ወግተህ እይ። ከፍ ብሎ ካገኘኸው፣ ወይም ካስመለሰህና ከደከመህ፣ እኔንም መኪናም አትጠብቅ፤ እዚያው ጤና ጣቢያ ግባ።

ስለ ሳህኗም ልንገርህ። አብረን ከአንድ ትሪ ስንበላ እኔው ነኝ ሳላስበው የማጎርስህ። ከተጋባን ጀምሮ የለመደ እጅ አልታዘዝ ቢለኝ ነው የለየሁት። አንተን መጸየፍ መስሎህ ከሆነ፣ አንተ ሞኝ፣ በዚህ ዕድሜህ እኔን አታውቀኝም ማለት ነው። ና፤ ያንተን ለክቼ እዚያው ትሪው ላይ በአንተ በኩል አደርገዋለሁ። እጄን እንደ ምንም እይዛለሁ።

ለጥምቀት ሳታደርስልኝ ይዘኸው የሄድከውን ቀሚሴን በእጅህ ሰፍተህ፣ «ይኸው እየሠራሁ ነው፣ ደህና ነኝ በያት» ብለህ በሐረገወይን ልከህልኛል። ተባረክ። ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ጠርዙ ጠማማ ነው፤ ስፌቱ መስመሩን ስቶ ይወጣል፣ ይገባል። አንተ ለማታውቀው መንገደኛ እንኳ እንዲህ ሰፍተህ አታውቅም። ክሩን ማን እንዳስገባልህ አልጠይቅህም።

እስከ እሑድ ካልመጣህ ሰኞ እኔ እመጣለሁ፤ እናትህ ሲሄዱ «ደጄን እንዳትረግጪ» ቢሉኝም እመጣለሁ። እስከዚያው ጉልበታቸውን ሳምልኝ። የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት እግርህንም ዓይንህንም ይጠብቅልኝ፤ መንገዱን ሰላም ያድርግልህ።

ቀሚሱን አልለበስኩትም፣ ስፌቱንም አልተረተርኩትም። መጥተህ አንተው ትተረትረዋለህ። ክሩን እኔ አስገባልሃለሁ።

ሰርካለም