የዝሆን ጥርስ ያልሆነው ማበጠሪያ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከእጆቼ በቀር ደህና ነኝ። ስለ እጆቼ አትደንግጪ፣ እደርስበታለሁ።

መቼም አማቴን አትረሻትም። ሰርጋችን ላይ አጠገብሽ ተቀምጣ ስለ ራሷ ስታወራ ውላ፣ ስምሽን እንኳ ሳትጠይቅሽ የሄደችው ሴትዮ ናት።

ያቺ ሴትዮ አንድ ማበጠሪያ ነበራት። ስሙ ነው እንጂ አያበጥርም፤ ፀጉር ላይ የሚሰካ የድሮ ጌጥ ነው። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ በአበባ ቅርጽ የተፈለፈለ፣ አረንጓዴ ፈርጥ ጣል ጣል ያለበት፣ ወተት የመሰለ። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። እሷ ግን ማማሩ አልበቃት ብሎ “የቅድመ አያቴ የዝሆን ጥርስ” ትለዋለች። ገና ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከሐር ጨርቁ ፈትታ አሳየችኝና እጄን ስዘረጋ፣ “በዓይንሽ እዪው፤ እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አልለመዳችሁም” አለችኝ። እናንተ ቤት ያለችው ያንቺን ቤት ነው።

በቅርቡ ልጇ፣ የባሌ ታናሽ እህት ማለቴ ነው፣ ልትታጭ ሆነ። የሚያጫት ልጅ ወላጆች ለምሳ ከመምጣታቸው በፊት አማቴ የቆዩ ዕቃዎች ነጋዴ አስጠራች። ምሳው ላይ የምትኮራበት ነገር ልታሰናዳ ነው። ሰውየው ማበጠሪያውን በአውራ ጣቱ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አሸተተውና፣ “እትዬ፣ ይሄ ዝሆን ባለፈበት አላለፈም። ሴሉሎይድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች ጊዜ የተሠራ። እንዲህ ደህና ሆኖ የተረፈ ጥቂት ነውና በደንብ ይያዙት፤ ብቻ እሳት አያስጠጉት፣ እንደ ክብሪት ነው” አላት። እኔም አሸተትኩት፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚጣለውን የብል መድኃኒት ይሸታል። አማቴ ሰውየውን “ደንቆሮ ለቃቃሚ” ብላ ሻዩን ሳያጋምስ አባረረችው።

የምሳው ቀን ማበጠሪያውን ልጅቷ ፀጉር ላይ ሰካችና በጎን የቀረውን ፀጉር በጋለ መተኮሻ ልትጠቀልል ተነሳች።

“ኧረ እማማ፣ መጀመሪያ ያውጡት” ብላት፣ “ቅናትሽን ወደዚያ!” አለችኝ።

ልጅቷም ፈርታ፣ “እማዬ፣ እየጋለ ነው” አለች።

“ዝም በይ! የዝሆን ጥርስ እሳት አይፈራም።” ቃሏን ሳትጨርስ ቦግ አለ።

እማዬ፣ እንደዚያ የሚፈጥን እሳት አይቼ አላውቅም። በባዶ እጄ ነቅዬ ወረወርኩትና የልጅቷን ራስ በመዳፎቼ አፈንኩት። “ውኃ! ውኃ!” ብዬ ስጮህ አማቴ ጆግ ሙሉ ይዛ መጣች። መጣችና ወለሉ ላይ ለሚነደው ማበጠሪያ አፈሰሰችው። ልጇ አጠገቧ እየጮኸች፣ እሷ ተንበርክካ ፈርጥ ትለቅማለች።

ወደ ክሊኒክ ስንወጣ የልጁን ወላጆች በር ላይ አገኘናቸው። አማቴ ምራቷ በቅናት እንዳቃጠለችው ነገረቻቸው። የልጁ እናት የተቃጠለውን ፀጉር አየችና ባሏን በክንዱ ጎትታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም። ጎሽ! እነሱም የመጡት ፀጉር ሊያጩ ኖሯል።

ባሌስ? ክሊኒክ ድረስ ሮጦ መጣ። እህቱን አየ፣ እጆቼን አየ፣ ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ጨርሶ ነው የተቃጠለው? አይጠገንም?” እኔም ሰው ብዬ አገባሁት።

ሁለቱም እጆቼ ስለታሸጉ ይህን የምናገረው እኔ፣ የምትጽፈው ልጅቷ ናት። እናቷን ስሰድብ ብዕሯን ታስቀምጣለች ብዬ ነበር፤ ጭራሽ “ይሄ ያንሳታል” ብላ አንድ መስመር ከራሷ ጨመረች። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ቁስሏ ከጆሮዋ በላይ ነው፤ ሐኪሙ ፀጉር ይበቅልበታል ብሏታል።

የጓሮው ክፍል መስኮት ተሠራ? ያ ሰፊ አልጋስ አለ? ክፍሉ ይበርዳል ስትይ ነበርና ብርድ ልብስ ብትደርቢበት ጥሩ ነው። ባሌ ሰላም ብሎሻል እንዳልልሽ መጻፋችንን አያውቅም። መልስ አትላኪ፤ እዚህ የሚቀበልሽ ሰው አይኖርም።

ጉልበትሽ ይጽናልሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ክፉ አይንካሽ።

ልጆችሽ