ጽዋው ለጌጡ የደረሰ ዕለት

ለልጅ ልጄ ለትህትና፤ እንደምን ሰንብተሻል? እኛስ ከነበጎቻችን፣ ከነቁንጫችንም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እንደኔው እግሩን የተሰበረውን ጎረቤታችንን ጌጡን ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ «የሁለታችሁም አጥንት ገጥሟል፤ ተራመዱ» ቢለንም፣ እሱ «ይከዳኛል» ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ከመደቡ አልወረደም። «ምነው፣ እንቁላል ታቀፍክ?» እያልኩ ስስቅበት ከረምኩ።

ባለፈው ሚካኤል ግን የማኅበሩ ጽዋ ለእሱ ደረሰ። ተረኛው በእግሩ ወደ ቤቱ እንደሚወስደው ታውቂያለሽ። ሚስቱ አሰጋሽ «እኔ ልያዝልህ» ብትለው «ተይ!» ብሎ ተነሣ። ዓይኑን ከጽዋው ሳይነቅል፣ እግሩን ረስቶ፣ ጠብታ ሳያፈስ ቤቱ ገባ። እግዚኦ! አጥንት ለካ የልብን ትእዛዝ ይጠብቅ ኖሯል? በቅሎዬ ላይ ሆኜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነኝ። ጌጡን «በበቅሎ ብወስደውስ?» ብለው፣ «እንቁላሉ እስካሁን አልተፈለፈለም?» አይለኝም፣ ይሄ ባለጌ!

ልጄ፣ መራመድ ስትጀምሪ ከፊትሽ ሆኜ፣ እጄን ዘርግቼ «ነይ፣ ነይ» እልሽ ነበር። እስቲ ለኅዳር ሚካኤል ብቅ በይና ብድሬን መልሺ።

መልአኩ በክንፉ ይጋርድሽ።

አያትሽ ትዕዛዙ፣ ከዘመሮ